ቀጭኗ የመስታወት ቱቦና የውሻ ጉበት

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ተረት። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይህ ተረት ለጉበት የሚስማማውን ያህል ለሌላው አይስማማም። ሳንባ ሲታመም ያስላል፤ አንጀት ሲታመም ያስቀምጣል፤ እግር ሲጎዳ ያነክሳል። ጉበት ግን አብዛኛው አካሉ እስኪጎዳ ድረስ የጎደለውን በቀረው እያካካሰ ሕመሙን ሸሽጎ ይኖራል። በመጨረሻ ሲናገርም የሚናገረው በሌላው አካል በኩል ነው፤ በዓይን ቢጫነት፣ በሽንት መጥቆር፣ በሆድ ማበጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአእምሮ መናወጥ። ከዚህም የተነሣ የጉበትን ሕመም የማወቅ ታሪክ በአመዛኙ የላቦራቶሪ ታሪክ ነው።

ከነቀምቴ በስተ ሰሜን፣ ከጊዳ አያና ወዲያ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የኪራሙ ምድር ውሻ ሥራ ያለው እንስሳ ነው። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ፣ በረቱን ከጅብ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ውሻ ከስቶና እህል ውኃ ጠልቶ ድዱ ቢጫ ሲሆን በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። እየተንገዳገደ ለሃጩን ሲያዝረበርብና ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲገፋ ከታየ ደግሞ «አበደ» ይባልና ይገደላል። በሁለቱም ስሞች ሥር የታመመ ጉበት ሊኖር ይችላል። ይህን ከሌላው ሕመም ለይቶ ለማወቅ የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ደክሟል። የድካሙም አብዛኛው ክፍል የተከናወነው በውሻ ላይ ነው።

ውሻ የሐኪሞች መምህር

የጉበት ሥራ ምን እንደ ሆነ በትክክል መታወቅ የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ቤርናር እ.ኤ.አ. በ1848 ሥጋ ብቻ የተመገቡ ውሾችን መርምረው፣ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኙ። በምግቡ ያልነበረ ስኳር በደሙ ከተገኘ ጉበት ራሱ ስኳር የሚሠራና የሚያከማች ክፍል መሆኑ ነው። በ1857ም ስኳሩ የሚከማችበትን ንጥረ ነገር፣ ዛሬ ግላይኮጅን የሚባለውን፣ ለብቻው ለይተው አወጡ።

እ.ኤ.አ. በ1877 ሩሲያዊው ኒኮላይ ኤክ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄደውን ትልቁን የደም ሥር ከጉበት አስቀርተው በቀጥታ ወደ ልብ ከሚመለሰው የደም ሥር ጋር በቀዶ ጥገና አገናኙ። ቀዶ ጥገናው ከተደረገላቸው ስምንት ውሾች በሕይወት የሰነበተው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሁለት ወር ተኩል በኋላ አምልጦ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ኢቫን ፓቭሎቭና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ቀዶ ጥገና አሻሽለው ደገሙት፤ ውጤቱንም በ1893 ገደማ አወጡ። ውሾቹ ሥጋ ሲበሉ ይንገዳገዱ፣ ዓይናቸው ይታወር፣ ይንቀጠቀጡና ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ከአንጀት የሚመጣውን መርዝ የሚያጣራው ጉበት ሲታለፍ መርዙ አእምሮን እንደሚመታ በዚህ ታወቀ። ዛሬ በቡችሎች ላይ ከልደት ጀምሮ የሚታየው የጉበት የደም ሥር ጉድለት የሚያስከትለው ሕመም ከዚህ ጋር አንድ ነው። በየመንደሩ «አበደ» የሚባለው ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ላይሆን የሚችልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የመጨረሻውን ማስረጃ ያቀረቡት በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪ የነበሩት ፍራንክ ማን ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1921 እና በተከታዮቹ ዓመታት የውሻን ጉበት ሙሉ በሙሉ አውጥተው እንስሳው ለጥቂት ሰዓታት በሕይወት እንዲቆይ ማድረግ ቻሉ። ጉበት የሌለው ውሻ የደሙ ስኳር እየወረደ ሄዶ ራሱን ይስታል፤ የስኳር መርፌ ሲሰጠው ግን ለጊዜው ነቅቶ ይቆማል። በደሙ ውስጥ ዩሪያ መሠራቱ ይቆማል። ቢጫው ቀለም፣ ማለትም ቢሊሩቢን፣ ግን ጉበት ባይኖርም መጨመሩን አያቆምም። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። ቢሊሩቢን የሚሠራው ከጉበት ውጭ፣ ከሚሞቱት ቀይ የደም ሴሎች ነው፤ የጉበት ድርሻ እርሱን አጣርቶ ከሐሞት ጋር ማስወጣት ነው። ስለዚህ የዓይን ቢጫነት የጉበት በሽታ ብቻ ምልክት አይደለም። ደም በብዛት ሲፈርስም፣ የሐሞት መውረጃ ሲዘጋም ዓይን ቢጫ ይሆናል።

ከቀለም ወደ ቁጥር

ይህን ዕውቀት ወደ ዕለታዊ ምርመራ የለወጡት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ናቸው። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1883 ቢሊሩቢንን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ኬሚካል አገኙ። ሆላንዳዊው ሐኪም ሄይማንስ ቫን ደን በርህ ደግሞ ይህንኑ ዘዴ ለሴረም ምርመራ አዋሉት። በ1916 ከሙለር ጋር ባወጡት ጽሑፍ ቢሊሩቢን ሁለት ዓይነት መሆኑን አሳዩ። አንደኛው ከኬሚካሉ ጋር በቀጥታ ቀለም ይሰጣል፤ ሁለተኛው አልኮል ካልተጨመረ ቀለም አይሰጥም። የልዩነቱ ምክንያት የታወቀው በ1956 ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው በጉበት ውስጥ ያለፈና ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር የተጣመረ፣ ሁለተኛው ገና ወደ ጉበት ያልደረሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ቀጥሎ የጉበትን ማጣሪያነት በቀጥታ የመፈተን ሐሳብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሮዘንታልና ኋይት ብሮምሰልፋሊን የተባለውን ቀለም በደም ሥር ሰጥተው፣ ጉበት ምን ያህሉን ከደም እንዳወጣ የሚለኩበትን ዘዴ አቀረቡ። በውሻ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 5 ሚሊ ግራም ይሰጥና ከ30 ደቂቃ በኋላ ደም ይቀዳ ነበር። ከተሰጠው ቀለም ከ5 በመቶ በላይ በደሙ ውስጥ ከቀረ ጉበቱ ወይም የጉበቱ የደም ዝውውር ጉድለት አለበት ይባላል። ይህ ዘዴ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ቦታውን ለሐሞት አሲድ ምርመራ ለቋል። በሐሞት አሲድ ምርመራ የውሻው ደም አንድ ጊዜ ጾሙን ሳለ፣ ሌላ ጊዜ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቀዳል። ባዕድ ቀለም ሳያስፈልግ የራሱ የውሻው ሐሞት መፈተኛ ይሆናል ማለት ነው።

በ1954 እና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በኒው ዮርክ ላዱ፣ ሮብሌቭስኪና ካርመን ትራንሳሚኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ሴል ሲጎዳ ወደ ደም እንደሚፈስሱ አሳዩ። በ1957 ሬይትማንና ፍራንክል በቀላል የቀለም መለኪያ የሚሠራ ዘዴ ስላወጡ ምርመራው ወደ ትናንሽ ላቦራቶሪዎች ሊዛመት ቻለ።

ለእንስሳት ሐኪም ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። የሰው ምርመራ ለእንስሳ ሁሉ ይሠራልን? መልሱን ቻርልስ ኮርኔልየስና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1959 አቀረቡ። አላኒን ትራንሳሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም በውሻና በድመት ጉበት ውስጥ እጅግ ብዙ ነው፤ በላም፣ በበግ፣ በፈረስና በዓሣማ ጉበት ውስጥ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በውሻ ደም ውስጥ ሲበዛ የጉበት ሴል መጎዳቱን ያመለክታል፤ በበሬ ደም ውስጥ ግን ስለ ጉበቱ ይህን ያህል አይናገርም። ኮርኔልየስ ከጄሪ ካኔኮ ጋር በ1963 ያዘጋጁት የቤት እንስሳት ክሊኒካዊ ባዮኬሚስትሪ መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ልዩነት በየእንስሳቱ አሰባስቦ ለሙያው መሠረት ሆነ።

አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ሌላው ኢንዛይም ደግሞ የውሻን ልዩ ጠባይ አስተማረ። ሐሞት ሲታገድ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ውሻው ኮርቲኮስቴሮይድ መድኃኒት ከወሰደ ጉበቱ ልዩ ዓይነት ፎስፋቴዝ ስለሚሠራ ቁጥሩ ከወትሮው እጅግ ይበልጣል። ይህን ዓይነት ከሌላው ለመለየት ላቦራቶሪዎች ሌቫሚዞልን ተጠቅመዋል፤ የጉበቱንና የአጥንቱን ኢንዛይም ሲያግድ በስቴሮይድ የመጣውን ባመዛኙ አያግደውም። በየክሊኒኩ ለሆድ ትል የሚታዘዘው መድኃኒት በላቦራቶሪ ውስጥ ይህን የመሰለ አገልግሎት ሰጥቷል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ለየራሳቸው ጥያቄ ብቻ ይመልሳሉ። ኢንዛይም ሴሉ መጎዳቱን ይነግራል እንጂ ጉበቱ መሥራት አለመሥራቱን አይነግርም። ለረጅም ጊዜ ታምሞ ሴሉ ያለቀበት ጉበት የሚያፈስሰው ኢንዛይም ስለማይኖረው ቁጥሩ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ሥራውን የሚነግሩት አልቡሚን፣ ዩሪያ፣ የደም ስኳር፣ የደም መርጋትና የሐሞት አሲድ ናቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ ከዚያም አልፎ መሄድ ያሻል። ስዊድናዊው ስቬን ሩባርት እ.ኤ.አ. በ1947 ተላላፊ የውሻ ጉበት በሽታን ለይተው ሲገልጹ ዋናው መሣሪያቸው የሞቱ ውሾችን መክፈትና ሥጋቸውን በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበር።

ላቦራቶሪው ለከብት ተሠራ

በኢትዮጵያ የእንስሳት ላቦራቶሪ የተወለደው ከከብት እልቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው የደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ ሕዝቡን «ክፉ ቀን» ብሎ ለሚያስታውሰው ረሀብ አጋልጦታል። ይህ ትዝታ የሙያውን አቅጣጫ ለረጅም ዘመን ወሰነ። በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በ1963 የእንስሳት ጤና ረዳቶች ትምህርት ቤት፣ በ1964 የክትባት ኢንስቲትዩቱ፣ በ1979 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋሙ። ድካሙም ፍሬ አፍርቶ ኢትዮጵያ በ2008 ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ፤ በ2011ም በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ለወለጋ ደግሞ ሌላ ጠላት ነበረ። በዲዴሳና በአንገር ሸለቆዎች የሚራባው የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የእርሻ በሬን እያመነመነ ይገድላል። ይህን ለመከላከል በበደሌ የቆላ ዝንብና የገንዲ በሽታ ምርመራና መከላከያ ማዕከል ተቋቋመ፤ የበደሌው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ምዕራቡን አገር ሲያገለግል ኖሯል። በነቀምቴ የተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው ሙያው በዞኑ ውስጥ ሥር ሰዷል።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ውሻ የሚነሣው ባመዛኙ በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። ወደ ላቦራቶሪ የሚላከውም ጭንቅላቱ ነው፤ ይኸውም ከሞተ በኋላ። ጉበቱስ? ጉበት በቄራ የሥጋ መርማሪ ዘንድ የታወቀ ክፍል ነው፤ የሚታወቀው ግን የበሬና የበግ ጉበት ነው። መርማሪው የጉበት ትል ወይም በውኃ የተሞላ ከረጢት ያለበትን ጉበት ያስወግዳል። ያ ጉበት ሳይቀበር ወይም ሳይቃጠል ከተጣለ የሚበላው ውሻ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ጥገኛ በውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ ዕንቁላሉን በኩስ ይጥላል፤ ዕንቁላሉም ተመልሶ የበግን፣ የሰውንም ጉበት ይይዛል። ውሻው ራሱ በዚህ ጥገኛ ምክንያት ጉበቱ አይታመምም፤ የሌላውን ጉበት ሕመም ግን ተሸካሚ ይሆናል።

በቱቦዋ ውስጥ የቀረው መልስ

ለውሻ ጉበት ተብሎ የተዘረጋ የምርመራ አገልግሎት ከኪራሙ ሩቅ ነው። ነገር ግን በገንዲ ምክንያት ወደ ወለጋ ቆላ የገባው መሣሪያ ሳይታሰብ የጉበትንም የመጀመሪያ ምርመራ ይዞ መጥቷል። ፓትሪክ ዉ እ.ኤ.አ. በ1970 ደምን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጎ በሴንትሪፉጅ በማሽከርከር የገንዲን ተሕዋስያን የመፈለግ ዘዴ አወጡ። በ1977 ደግሞ መሪና ባልደረቦቻቸው የነጩን ሽፋን ክፍል አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየትን ጨመሩበት። ይህ ዘዴ የገንዲ ምርመራ ቡድኖች የዘወትር ሥራ ሆነ። ቱቦው ሲሽከረከር ቀዩ ሴል ከታች፣ ቀጭኑ ነጭ ሽፋን ከመካከል፣ ፕላዝማው ከላይ ይሆናል። መርማሪው የቀዩን ከፍታ ለክቶ የደም ማነስን ያውቃል፤ ቱቦውን ከነጩ ሽፋን ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆርጦ ተሕዋስያኑን ይፈልጋል። ከላይ ያለው ፕላዝማ ከቀሪው ቱቦ ጋር ይጣላል።

ያ የሚጣለው ፕላዝማ የውሻ ከሆነ ሊነበብ የሚገባው ነው። የጤነኛ ውሻ ፕላዝማ ቀለም የለውም ለማለት ይቻላል። ቢሊሩቢን ሲበዛ ግን የድድና የዓይን ቢጫነት ገና ሳይታወቅ ፕላዝማው ቢጫ ይሆናል። በበሬ እንዲህ ማለት አይቻልም፤ ለምለም ሣር የበላ ከብት ካሮቲን ከተባለው የሣር ቀለም የተነሣ ጤነኛም ሆኖ ፕላዝማው ቢጫ ነው። የኢንዛይሙ ታሪክ ያስተማረው ልዩነት በዚህም ይደገማል። ለከብት የማይሆነው ምልክት ለውሻ ይሆናል።

ቱቦዋ ከዚህም ሌላ ትነግራለች። ፕላዝማው ቢጫ ሆኖ የቀዩ ሴል ከፍታ እጅግ ካነሰ ምክንያቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው በደም መፍረስ በኩል ነው፤ በመዥገር የሚተላለፈው ባቤዝያ በዚህ ረድፍ ይታሰባል። ፕላዝማው ቢጫ ሆኖ ቀዩ ሴል ያልጎደለ እንደ ሆነ ጥርጣሬው ወደ ጉበቱና ወደ ሐሞት መውረጃው ያዘነብላል። ፍራንክ ማን በከባድ ቀዶ ጥገና ያሳዩት ልዩነት በጥቂት ጠብታ ደም ውስጥ ይታያል ማለት ነው። የሽንት ምርመራም ይረዳል፤ ሆኖም የውሻ ኩላሊት ቢሊሩቢንን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ፣ በተለይ የወንድ ውሻ ሽንት ሲወፍር በጤናም ጊዜ ጥቂት ሊገኝበት እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

እርግጥ ቱቦዋ ሁሉን አትነግርም። ፕላዝማው ጥርት ያለ ሆኖ ጉበቱ የታመመ ውሻ አለ፤ በደም ሥር ጉድለት የሚንገዳገደው ቡችላ ለዚህ ምሳሌ ነው። በእንዲህ ያለው ጊዜ የጠባይ መለወጥ የሚታይበትን ውሻ ደፍሮ መንካት አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ጥርጣሬ ከሌላው ጥርጣሬ ሁሉ ይቀድማል። ውሻው ከሞተ ግን ምርመራው በጭንቅላቱ ብቻ እንዳይቆም ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ አለመሆኑ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ «ታዲያ ምን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራልና።

የውሻው ድርሻና የቤተሰቡ እህል

አንድ ውሻ በምን ሕመም እንደ ሞተ ማወቅ ለገበሬው ቤት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲቦልድና ቤይሊ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ውሾችን የጨረሰ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ገለጹ። ምስጢሩ በምግባቸው ውስጥ ነበር። በ1960 በእንግሊዝ አገር እጅግ ብዙ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ሲታወቅ የውሾቹም ሕመም ከዚሁ ጋር ተዛመደ። ውሻ ለዚህ መርዝ በቀላሉ ከሚጎዱት እንስሳት አንዱ ነው።

ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ በእህል ውስጥ መግባቱ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሆድን እያሳበጠ የሚገድል የጉበት በሽታ ቤተሰቦችን አጠቃ። ምርመራው ዓመታት ፈጅቶ በመጨረሻ ላቦራቶሪ ያመለከተው ከእህል ጋር የተደባለቀ አረም የያዘውን መርዝ ነበር። መርዙ ከመታወቁ በፊት ግን ሰዎች አልቀዋል።

ወለጋ የበቆሎ አገር ነው። በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ የገባ በቆሎ ይሻግታል። የተሻለው ለቤተሰቡ ሲመረጥ የሻገተው ለውሻ ይጣላል። ስለዚህ የጎተራውን መርዝ ከሁሉ በፊትና ከሁሉ አብዝቶ የሚቀምሰው ውሻው ነው። በአንድ መንደር ጥቂት ውሾች ተከታትለው ድዳቸው ቢጫ ቢሆን፣ የቀይ ሴላቸው መጠን ያልጎደለ ሆኖ ፕላዝማቸው ቢጫ ቢገኝ፣ ሐኪሙ ጎተራውን ለማየት መጠየቅ ይገባዋል። ከውሻ ወደ ሰው የሚሻገር፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚያጠቃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታም ስላለ ውሻውን ያለ ጓንት መንካት፣ ሽንቱንም ከመጠጥ ውኃ አጠገብ መተው አይገባም።

ከቤርናር እስከ ኮርኔልየስ ድረስ የጉበትን ቋንቋ ለሐኪሞች ያስተማረው ውሻ ነው። በእርሱ የተገኘው ዕውቀት ሰውን አድኗል፤ በሬንም ለመርዳት አገልግሏል። ለራሱ ለውሻው ግን በኪራሙ ዓይነት ቦታ ገና ብዙ አልተመለሰለትም። ዕዳውን መክፈል የሚጀመረው ውድ መሣሪያ እስኪመጣ በመጠበቅ አይደለም። የውሻ ደም የያዘች ቀጭን ቱቦ ከሴንትሪፉጅ ስትወጣ፣ ከመቆረጧ በፊት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የፕላዝማዋን ቀለም ማየትና ከቀዩ ሴል መጠን ጎን በመዝገብ ላይ ማስፈር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሸሽጎ የሚታመመው ጉበት በኪራሙ የሚናገረው በዚያች ቱቦ በኩል ነውና፣ ሳይነበብ ሊጣል አይገባም።